በአየር ላይ የቆመች ንብ፦ ፈጣን ክንፍን በፎቶግራፍ ስለ መያዝ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር




የምሕንድስናን ሙያ የሚነካ፣ በየአገሩ የሚነገር አንድ ቀልድ አለ። እንደ መሐንዲሶች ስሌት ከሆነ ንብ መብረር አይገባትም ነበር፤ ነገር ግን ስሌቱን ስላላነበበች ትበራለች ይባላል። ቀልዱ ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። በ1934 ዓ.ም. ፈረንሳዊው የሥነ እንስሳት ሊቅ አንቷን ማኛን ስለ ነፍሳት በረራ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ፣ በሒሳብ ሊቁ በአንድሬ ሴንት ላግ እርዳታ የተሠራ ስሌት ጠቅሶ ነበር። በጊዜው የታወቀው የአየር ተቃውሞ ሕግ በነፍሳት ላይ ቢሠራበት በረራቸው የማይቻል ሆኖ እንደሚገኝ ገለጸ። (በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስሌቱ የመደመርና የማባዛት ስሕተት አልነበረበትም። ስሕተቱ ያለው ከመነሻው ላይ ነው። የንብ ክንፍ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ተዘርግቶ የሚቆም፣ አየር በላዩና በታቹ በዝግታ የሚፈስበት ጠፍጣፋ ነገር ተደርጎ ተገምቷል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ጉድለቱን ለማረም ከሥሩ መነሣት ያስፈልግ ነበር። ክንፉ በእርግጥ ምን እንደሚሠራ ማየት ይገባል ማለት ነው። ይህን ለማየት ግን የሰው ዓይን አይበቃም። ስለዚህ የንብ በረራ ጉዳይ የካሜራ፣ የብልጭታ መብራትና የኤሌክትሪክ ጉዳይ ሆነ።

በዚህ ንግግር የሚቀርበው ይኸው ነው። በመጀመሪያ የችግሩ መጠን በቁጥር ይገለጻል፤ ቀጥሎ መፍትሔው እንዴት እንደ ተገኘና ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ይብራራል፤ በመጨረሻም በአገራችን ደጋና ቆላ ሊሠራ ስለሚገባው አንድ ልኬት ሐሳብ ይቀርባል።

የችግሩ መጠን

ቢራቢሮ በሰከንድ ወደ 10 ጊዜ ያህል ክንፏን ታማታለች። የበረሃ አንበጣ ወደ 20 ጊዜ ይደርሳል። በአበባ ፊት እያንዣበበች በረጅም ምላሷ የምትመጠው ትልቅ የእሳት እራት እንደ ዓይነቷ ከ25 እስከ 80 ጊዜ ታማታለች። የማር ንብ 230 ገደማ ትደርሳለች። ከአንዳንድ ደቃቅ ትንኞች ደግሞ እስከ 1,000 ይቆጠራል። የሰው ዓይን የእነዚህን አብዛኛዎቹን ለያይቶ ማየት ይሳነዋል። ለዚህ ማስረጃው በየቤቱ ይገኛል። በ50 ኸርትዝ ኤሌክትሪክ የሚሠራ መብራት ብርሃኑ በሰከንድ 100 ጊዜ ከፍና ዝቅ ሲል ማንም አያስተውለውም። እንግዲህ የመብራቱን መርገብገብ የማያይ ዓይን፣ ከዚያ በእጥፍ የሚፈጥነውን የንብ ክንፍ ሊያይ አይችልም።

የማር ንብን በምሳሌነት ወስዶ ጥቂት ማስላት ይጠቅማል። ክንፏ ወደ 1 ሴንቲሜትር ይረዝማል። በምታንዣብብበት ጊዜ ክንፉ ከኋላ ወደ ፊት፣ ከፊት ወደ ኋላ የሚጠርገው ማዕዘን ወደ 90 ዲግሪ ነው። ስለዚህ የክንፉ ጫፍ በአንድ ጉዞ 1.5 ሴንቲሜትር፣ በአንድ ሙሉ ምት 3 ሴንቲሜትር ያህል ይጓዛል። ይህ በ230 ሲባዛ በሰከንድ 7 ሜትር ገደማ አማካይ ፍጥነት ይሆናል። በምቱ መካከል ላይ ፍጥነቱ ከ10 ሜትር ያልፋል፤ በሁለቱ መመለሻ ጫፎች ላይ ግን ለቅጽበት ወደ ዜሮ ይወርዳል።

አሁን ካሜራው የሰከንድ 1/1,000ኛ ለሚያህል ጊዜ ቢከፈት፣ የክንፉ ጫፍ በዚያች ጊዜ ውስጥ 7 ሚሊሜትር ይሄዳል። ይኸውም የአንድ ወገን ጉዞው ግማሽ ያህል ነው። በፊልሙ ላይ የሚቀረው ክንፍ ሳይሆን የጉም ቁራጭ ይሆናል። ጊዜው ወደ 1/25,000ኛ ሲያጥር ጫፉ የሚሄደው 0.28 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ንቧ በፊልሙ ላይ በእውነተኛ መጠኗ ሲሶ ከተሣለች፣ መደብዘዙ ከ0.1 ሚሊሜትር ያንሳል። የክንፉ ሥር ከጫፉ በጣም የዘገየ ስለ ሆነ፣ ከጫፉ በቀር ሌላው ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። የዛሬ ካሜራዎች የሰከንድ 1/8,000ኛ መዝጊያ አላቸውና በፀሐይ ብርሃን ብቻ መሥራት አይቻልምን? የሚል ነው። አይቻልም፤ ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛ፣ በዚያች ጊዜ እንኳ የክንፉ ጫፍ ወደ 1 ሚሊሜትር ይጠጋል። ሁለተኛውና የባሰው የመዝጊያው አሠራር ነው። በፊልሙ ወይም በሴንሰሩ ፊት የሚያልፉት ሁለት መጋረጃዎች በመካከላቸው ጠባብ ስንጥቅ ትተው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጓዛሉ። እያንዳንዱ ነጥብ የሚያገኘው ብርሃን 1/8,000ኛ ሰከንድ ቢሆንም፣ ስንጥቁ ሥዕሉን ጠርጎ ለመጨረስ 1/250ኛ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ይህ ደግሞ ከንቧ አንድ ሙሉ የክንፍ ምት ጋር የሚተካከል ጊዜ ነው። የሥዕሉ አንዱ ጫፍ በምቱ መጀመሪያ፣ ሌላው ጫፍ በምቱ መጨረሻ ይቀረጻል ማለት ነው። በተንቀሳቃሽ ስልኮች ውስጥ ያሉት ሴንሰሮች ረድፍ በረድፍ የሚያነቡ በመሆናቸው፣ ብዙዎቹ ከዚህም የዘገዩ ናቸው። ከዚህ የተነሣ የሚገኘው የተጣመመ ክንፍ የተፈጥሮ ሳይሆን የመሣሪያው ሥራ ነው።

እንግዲህ ጊዜን ማሳጠር ያለበት መዝጊያው ሳይሆን ብርሃኑ ራሱ ነው።

የብልጭታ ታሪክ

ይህ ሐሳብ ከፎቶግራፍ ጥበብ ጋር አብሮ ያደገ ነው። በ1851 እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በለንደን የጋዜጣ ገጽ በፍጥነት በሚሽከረከር ጎማ ላይ ለጥፎ፣ በጨለማ ውስጥ በኤሌክትሪክ ፍንጣሪ ብቻ አብርቶ ፎቶግራፍ አነሣው። ጽሑፉም ሊነበብ ቻለ። ኤሌክትሪኩን ያጠራቀመው ላይደን በሚባሉ የብርጭቆ ማሰሮዎች ነበር፤ እነዚህም የዛሬው ካፓሲተር አያቶች ናቸው።

ነፍሳትን በሚመለከት ቀዳሚው ፈረንሳዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ኤቴን ዡል ማሬ ነው። በ1860ዎቹ መጨረሻ ካሜራ ሳይጠቀም፣ የክንፉን ጫፍ ጥቀርሻ በተቀባ በሚሽከረከር ከበሮ ላይ በማስነካት የምቱን ብዛት ለካ። በተርብ ክንፍ ጫፍ ላይም ቅንጣት የወርቅ ቅጠል አጣብቆ፣ ክንፉ በአየር ላይ የስምንት ቁጥርን ቅርጽ እንደሚሥል አሳየ። በ1882 በሰከንድ 12 ሥዕል የሚያነሣ፣ ጠመንጃ የሚመስል ካሜራ ሠራ፤ እያንዳንዱ ሥዕል የሚወስደው ጊዜ የሰከንድ 1/720ኛ ነበር። ይህ ለወፍ ይበቃ ነበር እንጂ ለንብ አይበቃም።

የማሬ ረዳት የነበረው፣ በደብሊን የተወለደው ሉሲየን ቡል በ1904 ገደማ ወደ ፍንጣሪው ተመለሰ። ፊልሙን በከበሮ ላይ ጠቅልሎ እያሽከረከረ፣ ተከታታይ የኤሌክትሪክ ፍንጣሪዎችን በማስፈንጠር በሰከንድ ከ1,000 በላይ ሥዕሎችን አነሣ። የእርሱ ትልቁ ብልሃት ግን ጊዜውን ለሰው እጅ አለመተዉ ነው። ነፍሳቱ ከታሰረበት ሲወጣ ራሱ ኤሌክትሪኩን እንዲያስጀምር አድርጎ መሣሪያውን አዘጋጀ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ወደ ሥራ ቤት ያወረደው የኤሌክትሪክ መሐንዲሱ ሃሮልድ ኤጀርተን ነው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሲንክሮነስ ሞተሮችን ጠባይ ሲያጠና፣ የሚሽከረከረውን ክፍል በየጊዜው በሚበራ ብልጭታ ቀጥ ብሎ የቆመ አስመስሎ ማየት ቻለ። ከ1931 ጀምሮ በጋዝ የተሞላ የፍላሽ መብራቱን ለፎቶግራፍ አዋለው። ዛሬ በየካሜራው ላይ የምትታየው የፍላሽ መብራት የዚያ ሥራ ልጅ ናት። እንግዲህ የንብን ክንፍ ያቆመው መሣሪያ የተወለደው የሞተርን መሽከርከር ለማየት ከተነሣ ችግር ነው።

በ1970ዎቹ ደግሞ እንግሊዛዊው ፎቶ አንሺ ስቲቨን ዳልተን፣ በኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ እርዳታ፣ የሰከንድ 1/25,000ኛ የሚቆይ ኃይለኛ ብልጭታና በጣም ፈጥኖ የሚከፈት መዝጊያ አሠርቶ፣ በነፃነት የሚበሩ ነፍሳትን በቀለም ፎቶግራፍ አነሣ። ሥራው በ1975 በመጽሐፍ ወጣ። ከሥዕሎቹም አንዱ በ1977 ከፀሐይ ሥርዓት ውጭ እንዲጓዙ በተላኩት በቮዬጀር መንኩራኩሮች የወርቅ ሰሌዳ ላይ ከተቀረጹት ምስሎች መካከል ተመርጦ ገባ።

ኃይልና ጊዜ

የብልጭታውን ርዝመት የሚወስነው ምንድን ነው? በካፓሲተር የሚጠራቀመው ኃይል የካፓሲተሩ መጠን በቮልቴጁ ካሬ ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል የሚገኘው ነው። የሚፈስበት ጊዜ ደግሞ በግምት የካፓሲተሩ መጠንና የመብራቱ ተቃውሞ ብዜት ነው። አንድ 400 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በ350 ቮልት ቢሞላ 24.5 ጁል ይይዛል። የመብራቱ ተቃውሞ 2 ኦም ቢሆን፣ ጊዜው 0.8 ሚሊሰከንድ ወይም የሰከንድ 1/1,250ኛ ያህል ይሆናል። ይህ ለሰው ፊት ይበቃል፤ ለንብ ግን ረጅም ነው።

ቮልቴጁ አሥር እጥፍ አድጎ 3,500 ቢሆን፣ ያንኑ 24.5 ጁል ለመያዝ 4 ማይክሮፋራድ ይበቃል። ካፓሲተሩ በመቶ እጅ አነሰ፤ ጊዜውም በመቶ እጅ አጠረ። በተግባር የሽቦዎቹ ኢንደክታንስና የጋዙ ፍም እየዘገየ መጥፋት ጊዜውን ያስረዝሙታል፤ ቢሆንም መንገዱ ይኸው ነው። የቀድሞዎቹ ሠሪዎች የተጓዙበትም ይህንኑ ነበር።

ይህ መንገድ ግን የሰው ሕይወት የሚጠፋበት መንገድ መሆኑ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። በ3,500 ቮልት የተሞላ፣ ከ20 ጁል በላይ የያዘ ካፓሲተር አንድ ጊዜ ቢነካ ልብን ሊያቆም ይችላል። መሣሪያው ከኤሌክትሪክ ከተነቀለ በኋላም አደጋው አይጠፋም። ስለዚህ በካፓሲተሩ ጫፎች ላይ ኃይሉን ቀስ በቀስ የሚያፈስ ሬዚስተር በቋሚነት መታሰር አለበት። ሣጥኑ ሲከፈት ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያም ሊኖር ይገባል። ሥራውም ሁለት ሰዎች ባሉበት እንጂ ለብቻ መደረግ የለበትም። ለአንዲት ንብ ሥዕል የሰው ነፍስ ዋጋ ሆና አትከፈልም።

ደግነቱ፣ ዛሬ ሌላ መንገድ አለ። የዘመኑ ትንንሽ የካሜራ ፍላሾች ካፓሲተሩ ሙሉ በሙሉ ከመፍሰሱ በፊት ፍሰቱን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይቆርጡታል። ኃይላቸው ወደ ዝቅተኛው ደረጃ ሲወርድ የብልጭታው ርዝመት እንደ ሥሪታቸው ከ1/20,000ኛ እስከ 1/40,000ኛ ሰከንድ ይሆናል። የብርሃኑ ብዛት ግን አብሮ ያንሳል። መፍትሔው የአንዱን ፍላሽ ኃይል መጨመር ሳይሆን የፍላሾቹን ቁጥር መጨመር ነው። አራት ትንንሽ ፍላሾች በአንድ ቅጽበት ቢበሩ ብርሃኑ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ጊዜው ግን ያው አጭሩ ጊዜ ነው። በተጨማሪም ፍላሾቹ ወደ ንቧ መቅረብ አለባቸው፤ ርቀቱ በግማሽ ሲያንስ ብርሃኑ በአራት እጥፍ ይደምቃልና።

በጊዜና በቦታ መገኘት

ብርሃኑ ቢሟላ እንኳ ሌላ ችግር ይቀራል። ሥዕሉ ሲጎላ ጥርት ብሎ የሚታየው የቦታ ጥልቀት እጅግ ይጠብባል። በ35 ሚሊሜትር ፊልም፣ የሌንሱ ቀዳዳ 16 ላይ ቢደረግ፣ ንቧ በእውነተኛ መጠኗ ግማሽ ስትሣል ጥልቀቱ 6 ሚሊሜትር ያህል ነው። በሙሉ መጠኗ ስትሣል ግን ወደ 2 ሚሊሜትር ይወርዳል። ንቧ ራሷ ከ1 ሴንቲሜትር በላይ ትረዝማለች። ቀዳዳውን ከዚህ አብልጦ ማጥበብ ብርሃንን ይቀንሳል፤ በብርሃን ሞገድ ጠባይ ምክንያትም ሥዕሉን ሁሉ ያለሰልሰዋል።

ወደ አበባ የምትጠጋ ንብ በሰከንድ 1 ሜትር ብቻ ብትጓዝ፣ ያን 6 ሚሊሜትር በ6 ሚሊሰከንድ ታልፈዋለች። አንድ ተራ ካሜራ ግን ቁልፉ ከተጫነ በኋላ እስኪከፈት ድረስ 50 ሚሊሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። የሰው ጣት ደግሞ ከዚህም ብዙ እጅ ይዘገያል። ንቧ ስትታይ ቁልፉን የሚጫን ሰው የሚያነሣው ንቧ የነበረችበትን ባዶ ቦታ ነው።

ለዚህ ሦስት መፍትሔዎች አሉ። የመጀመሪያው ንቧ ራሷ ብልጭታውን እንድታበራ ማድረግ ነው። ሁለት ቀጫጭን የብርሃን ጨረሮች በተፈለገው ነጥብ ላይ እንዲተላለፉ ይደረጋል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲቆረጡ ብቻ ትእዛዝ የሚሰጥ ቀላል የኤሌክትሮኒክ መስመር ይያያዝባቸዋል። አንድ ጨረር ብቻውን ንቧ በየት እንዳለፈች አይለይም፤ ሁለቱ ግን ነጥቡን ይወስናሉ። ሁለተኛው መፍትሔ ከጥላ ሥር ወይም በደብዛዛ ብርሃን ካሜራውን አስቀድሞ ከፍቶ፣ ጨረሩ ፍላሹን ብቻ እንዲያዝ ማድረግ ነው። በዚህ ጊዜ የመዝጊያው መዘግየት ጨርሶ ከስሌቱ ይወጣል።

ሦስተኛው ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ ሲሆን የሚሻው ዕውቀትና ትዕግሥት ነው። ንብ የሚመስሉ፣ ነገር ግን መናደፊያ የሌላቸው፣ በአየር ላይ እንደ ተሰቀሉ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ዝንቦች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ የአንዳንዶቹ ወንዶች አንዲት የአየር ቦታ መርጠው ይጠብቃሉ። ሌላ በራሪ ሲያልፍ ተወርውረው ያባርሩና ወደዚያችው ቦታ ይመለሳሉ። ይህን ጠባይ ያወቀ ሰው ዝንቡን አያሳድድም፤ ካሜራውን በቦታዋ ላይ አስተካክሎ መመለሱን ይጠብቃል።

ሥዕሉ ያስተማረው

ይህ ሁሉ ድካም ያስገኘው ምንድን ነው? በመጀመሪያ፣ የነፍሳት ክንፍ እንደ ሰሌዳ ግትር አለመሆኑ ታወቀ። በእያንዳንዱ መመለሻ ላይ ክንፉ ተጠማዞ ይገለበጣል፤ ወደ ፊት ሲሄድም ወደ ኋላ ሲመለስም መሪ ጠርዙ ከፊት ይሆናል። ስለዚህ በሁለቱም ጉዞ ወደ ላይ የሚያነሣ ኃይል ያገኛል።

በ1956 ዴንማርካውያኑ ቶርኬል ቫይስ ፎግና ማርቲን የንሰን ሰው ሠራሽ ነፋስ በሚነፍስበት ቱቦ ውስጥ ያጠኑትን የበረሃ አንበጣን በረራ አሳተሙ። ለአንበጣ ከአውሮፕላን ክንፍ የተወሰደው ስሌት ብዙም አልራቀም ነበር። በ1973 ግን ቫይስ ፎግ ከ1 ሚሊሜትር የምታንስ አንዲት ተርብ ክንፎቿን ከጀርባዋ አጋጥማ፣ ቀጥሎም እንደ መጽሐፍ ገልጣ እንደምትከፍታቸው በፈጣን ፊልም ላይ ካየ በኋላ አዲስ ማብራሪያ አቀረበ። ክንፎቹ ሲከፈቱ በመካከላቸው የሚሮጠው አየር ወዲያውኑ አዙሪት ስለሚፈጥር፣ የመነሣት ኃይሉ ሳይዘገይ ይገኛል። በ1996 ደግሞ ቻርልስ ኤሊንግተንና ባልደረቦቹ የትልቅ የእሳት እራትን በረራ በጭስና በሜካኒካዊ ክንፍ አጥንተው፣ በመሪው ጠርዝ ላይ የሚጠቀለል የአየር አዙሪት ክንፉን ወደ ላይ እንደሚስበው አሳዩ። በ1934ቱ ስሌት ውስጥ ያልገባው ኃይል ይህ ነበር።

እንግዲህ ንብ ሕግን አልጣሰችም። ሕጉ በማይመለከተው ነገር ላይ ተጠቅሶባት ነበር። ከዚህ የተገኘውም ዕውቀት በመጽሐፍ አልቀረም፤ በ2013 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተሠራች፣ 80 ሚሊግራም ገደማ የምትመዝን ባለ ክንፍ መኪና በቀጭን ሽቦ ኃይል እየተሰጣት በአየር ላይ ማንዣበብ ችላለች።

የሥዕሉ ታማኝነት

ጥርት ያለ ሥዕል ሁሉ እውነተኛ ሥዕል አይደለም። ነፍሳትን በማቀዝቀዣ አፍዝዞ፣ ገና ሳይነቁ ለመብረር ሲፍጨረጨሩ የማንሣት ልማድ በአንዳንዶች ዘንድ አለ። ንብ ግን በሚገባ ለመብረር የደረት ጡንቻዋ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መሞቅ ይኖርበታል። የቀዘቀዘች ንብ ክንፍ የሚያሳየው የበረራን ሳይሆን የድካምን አቋም ነው። ፍጥረቷን ከማጎሳቆሉም በላይ ልኬቱን ያበላሻል።

ከዚህም በላይ የፍላሽ ብርሃን ከርቀት ጋር ፈጥኖ ስለሚዳከም፣ ከንቧ ጀርባ ያለው ሁሉ ይጨልማል። በቀትር የተነሣች ንብ በሌሊት የምትበር ትመስላለች። ይህን ለማረም ከኋላዋ ቅጠል ወይም ቀለም የተቀባ ሰሌዳ አኑሮ በሌላ ፍላሽ ማብራት ተገቢ ነው። ዛሬ ደግሞ ሁለትና ሦስት ሥዕሎችን በኮምፒዩተር ማጋጠም ቀላል ሆኗል። ለግድግዳ ጌጥ የሚሆን ከሆነ የሚነቅፈው አይኖርም። ለልኬት የሚቀርብ ሥዕል ግን እንዴት እንደ ተነሣ፣ ብልጭታው ምን ያህል እንደ ቆየ፣ የማጉያው መጠን ስንት እንደ ሆነ አብሮ ካልተጻፈ፣ ሚዛን እንደ ሌለው ካርታ ነው።

በደጋና በቆላ

ይህ ጉዳይ በአገራችን የራሱ ቦታ አለው። ኢትዮጵያ በማርና በሰም ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ከሆኑት አንዷ ናት፤ ንቦቿም ከቆላ እስከ ውርጭ ይኖራሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍግታ፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን፣ በባሕር ወለል ካለው በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ንቧ በሳሳ አየር ላይ የራሷን ክብደት እንዴት ትሸከማለች?

በ2005 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ ንቦች ከአየር በሳሳ የሂሊየምና የኦክሲጅን ድብልቅ ውስጥ ሲያንዣብቡ የምታቸውን ብዛት ብዙም ሳይለውጡ የሚጠርጉትን ማዕዘን እንደሚያሰፉ በፈጣን ፊልም አሳይቷል። በዚህ መሠረት ቢሰላ፣ የመነሣት ኃይል ከእፍግታውና ከማዕዘኑ ካሬ ጋር አብሮ ስለሚሄድ፣ በባሕር ወለል 90 ዲግሪ የምትጠርግ ንብ በአዲስ አበባ 104 ዲግሪ ያህል መጥረግ ይኖርባታል። 950 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው በመተሐራ ደግሞ 95 ዲግሪ ይሆናል። ልዩነቱ 9 ዲግሪ ያህል ነው። የቆላው ሙቀት አየሩን ስለሚያሳሳው ልዩነቱ ይጠብባል፤ የደጋዋ ንብ ክንፍና ክብደትም ከቆላዋ ሊለይ ይችላል። ስለዚህ ይህ ቁጥር እንደ 1934ቱ ስሌት በወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ነው። ካልታየ አይታመንም።

ለማየት የሚያስፈልገው መሣሪያ ግን ውድ አይደለም። እስካሁን ሲነገር እንደ ጠላት የተቆጠረው መደብዘዝ እዚህ ላይ ረዳት ይሆናል። ቀጥ ብላ የምታንዣብብ ንብ ከላይ ወደ ታች፣ ያለ ፍላሽ፣ በሰከንድ 1/60ኛ ብትነሣ፣ በዚያች ጊዜ ውስጥ አራት ያህል ምቶች ያልፋሉ። በሥዕሉ ላይም ክንፉ የጠረገው ቦታ እንደ ተዘረጋ ማራገቢያ ጎልቶ ይታያል። የማራገቢያው ስፋት በማዕዘን መለኪያ ይለካል። የምቱን ብዛት ከንቧ ጩኸት በማይክሮፎን ቀርጾ ማግኘት ይቻላል። የክንፉን መጠማዘዝ ደግሞ አጭሩ ብልጭታ ያሳያል። ቴርሞሜትር፣ ባሮሜትርና የላቦራቶሪ ሚዛን ሲታከሉበት ልኬቱ ሙሉ ይሆናል።

ከዚህ የሚገኘው ጥቅም ለንብ አርቢውም ይደርሳል። ለቀሰም የምትወጣ ንብ የአበባ ማርና ጽጌ ብናኝ ተሸክማ መመለስ አለባት። ራሷን ለማንሣት ብቻ ክንፏን አብልጣ የምትዘረጋ ንብ ለሸክም የሚቀራት አቅም ምን ያህል ነው? ቀፎ በየከፍታው ሲተከል ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። ጥያቄውን ለመመለስ የሚችሉት የንቡን ጠባይ የሚያውቁ የግብርና ባለሙያዎችና መሣሪያውን የሚሠሩ መሐንዲሶች አብረው ሲቆሙ ነው። አዲስ አበባና መተሐራ በመንገድ የአንድ ቀን ጉዞ እንኳ አይራራቁም። የሚጎድለው ሥራውን በኃላፊነት የሚይዝ ነው።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፣

ስለ ንብና ስለ መሐንዲሶች የሚነገረው ቀልድ በየስብሰባው መሣቂያ ሆኖ ቆይቷል። ቁም ነገሩ ግን ለድልድይም፣ ለግድብም፣ ለሞተርም የሚሠራ ነው። ስሌት የሚያስተላልፈው የተሰጠውን ግምት ነው እንጂ ግምቱ ልክ ይሁን አይሁን አይመሰክርም። የሚመሰክረው ነገሩ ራሱ፣ በትክክለኛው ጊዜና በበቂ ብርሃን ሲታይ ነው። ማኅበሩ በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ካሜራዎች፣ አራት ትንንሽ ፍላሾችና ጥቂት ፈቃደኞች አዘጋጅቶ ይህን ልኬት በደጋና በቆላ ቢያስጀምር፣ የ104 ዲግሪው ቁጥር ትክክል ይሁን ስሕተት ንቦቹ ራሳቸው ይናገራሉ።